ልጆቻችንን ለመጠበቅ የአዋቂዎችን መታወቂያ አትሰብስቡ

ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ልጆችን በኢንተርኔት ከሚሰራጩ የወሲብ ምስሎች ስለመጠበቅና ስለ ዕድሜ ማረጋገጫ

በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ሰሞኑን ተሰብስቦ ለእናንተ የሚላክ አቤቱታ እንዲረቀቅ ወስኗል። የአቤቱታው ፍሬ ነገር አጭር ነው። የወሲብ ፊልም የሚያሳዩ ድረ ገጾች በሙሉ ይዘጉ፤ መዝጋት ካልተቻለ ደግሞ እንደ እንግሊዝ አገር የሚገባ ሰው ሁሉ መታወቂያ ያሳይ፤ ፋይዳ ስላለን ለእኛ አይከብድም ይላል። የአይሲቲ መምህር በመሆኔ አርቅቅ የተባልኩት እኔ ነኝ። የወላጆቹ ድምፅ ነውና አንድም ቃል ሳልሸራርፍ ጽፌ አስረክቤአለሁ። ይህ ግን የራሴ ደብዳቤ ነው፤ በመታወቂያው ሐሳብ አልስማማም።

የማልከራከርበትን አስቀድሜ ልናገር። የወላጆቹ ጭንቀት ፈጠራ አይደለም። በ11 ዓመት ልጇ ስልክ ላይ ያየችው ነገር እንቅልፍ ቢነሳት በእናቲቱ አይፈረድም። እነዚያ ፊልሞች ለልጅ ስለ ሰውነቱ፣ ስለ ሴት ልጅ፣ ስለ ፈቃደኝነት የሚያስተምሩት የተጣመመ ነው። ለአዋቂም ቢሆን ይበጃሉ ብዬ ጥብቅና አልቆምላቸውም። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 640 ጸያፍ ምስሎችን ማሰራጨትን ከከለከለ ቆይቷል፤ አንቀጽ 644 ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሱትን ለይቶ ይጠብቃል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36ም የሕፃናት ደህንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። ስለዚህ ልጅ ይጠበቅ አይጠበቅ በሚለው ላይ አንለያይም። የምንለያየው በሩ የቱ ነው በሚለው ላይ ነው። ወላጆቹ ቁልፍ ይገጠምበት ያሉት በር ልጆቹ የሚገቡበት አይደለም።

በየት እንደሚገቡ ላሳያችሁ። ባለፈው ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ተማሪዎቼ በብዛት የሚከታተሉት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ነበር። ስሙ የብሔራዊ ፈተና ጥያቄዎች የሚል ነው፤ አርማው የተከፈተ መጽሐፍና የምረቃ ቆብ ነው። ቀን ቀን የፊዚክስና የሒሳብ ጥያቄ ይለጠፍበታል። ጥያቄዎቹ እውነተኛ ናቸው፤ እኔም አውርጄ በክፍል ውስጥ ሠርቼባቸዋለሁ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን የግሩፑ ባለቤት ሌላ ገበያ ይከፍታል። መጀመሪያ የደበዘዘ ፎቶ ይለጥፋል፤ ከሥሩ «ሙሉውን ለማየት ይህን ቻናል ይቀላቀሉ» የሚል ይከተላል፤ ቀጥሎ አጭር ቪዲዮ። ሲነጋ ሁሉም ተሰርዟል፤ ግሩፑ ተመልሶ ስለ ሎጋሪዝም ያወራል። ቴሌግራም ደግሞ በግሩፕ የተላከ ፎቶና አጭር ቪዲዮ ባለቤቱ ሳይነካው ራሱ አውርዶ እንዲያስቀምጥ ሆኖ ነው የሚጫነው፤ ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ያላጠፋ ሰው ስልኩ ውስጥ ፋይሉ ገብቶ ያድራል። ልጁ «እኔ አልከፈትኩትም» ብሎ ለእናቱ ሲምል እውነቱን ሊሆን ይችላል። በዚህ ሁሉ መካከል አንድም የወሲብ ድረ ገጽ አልተጎበኘም፤ ዕድሜ የሚጠየቅበት ደጃፍም አልነበረም።

ዳታ በሚወደድበት ሰፈርና በትናንሽ ከተሞች ደግሞ ኢንተርኔት እንኳ አያስፈልግም። ዘፈንና ፊልም በሚሞሪ ካርድ የሚጭኑ የሞባይል ሱቆች አሉ፤ የሚጭነው ልጅ ማንነትህን ካወቀ «ሌላም አለ» ይልሃል። ከዚያ በኋላ ፋይሉ ከስልክ ወደ ስልክ ያለ ምንም ኔትወርክ ይጓዛል። ይህን የትኛውም የቴሌኮም መሣሪያ አያየውም።

እንግሊዞች ራሳቸው ይህንኑ ያውቁታል። የእንግሊዝ የሕፃናት ኮሚሽነር እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው ጥናት ወጣቶች የወሲብ ምስል አየንባቸው ካሏቸው ቦታዎች ቀዳሚው በወቅቱ ትዊተር ይባል የነበረው መድረክ ነው፤ 41 በመቶ። ለዚሁ ተግባር ተብለው የተሠሩት ድረ ገጾች በ37 በመቶ ይከተላሉ፤ ኢንስታግራምና ስናፕቻትም ከእነሱ ብዙ አይርቁም። ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩበት አማካይ ዕድሜ 13 ነበር።

ወላጆቻችን እንደ ምሳሌ የጠቀሱት ሕግ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኦንላይን ደህንነት ሕግ ነው። የዕድሜ ማረጋገጫው ክፍል ሥራ ላይ የዋለው ጁላይ 25 ቀን 2025 ነው፤ አስፈጻሚው ኦፍኮም የሚባለው የመገናኛ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድረ ገጹ ጎብኚውን ለምሳሌ በክሬዲት ካርድ፣ በመታወቂያ ፎቶ ወይም ፊቱን በካሜራ አይቶ ዕድሜ በሚገምት ሶፍትዌር ማረጋገጥ አለበት። እምቢ ያለ ድርጅት እስከ 18 ሚሊዮን ፓውንድ ወይም ከዓለም አቀፍ ገቢው እስከ 10 በመቶ ይቀጣል፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል። እንግሊዞች ከዚህ ለመድረስ አንዴ ተሰናክለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 አውጥተውት የነበረውን ተመሳሳይ ድንጋጌ ሳይተገብሩት በ2019 ጥለውታል።

ውጤቱ ምን ሆነ? ሕጉን ያከበሩት ድረ ገጾች ጎብኚ ቀንሷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ሳያስበው ሊገባ የነበረ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ደጃፉ ላይ ተመልሶ ከሆነ መልካም ነው። በዚያው ሳምንት ግን ተጠቃሚው ያለበትን አገር ደብቀው እገዳን የሚያሳልፉት የቪፒኤን መተግበሪያዎች በእንግሊዝ የአፕል መደብር ሠንጠረዥ አናት ላይ ወጡ። ፕሮቶን የሚባለው የቪፒኤን አቅራቢ ከእንግሊዝ የሚመጡለት አዲስ ተመዝጋቢዎች ቁጥር በሰዓታት ውስጥ ከ1,400 በመቶ በላይ መጨመሩን ተናገረ። ፊት አይቶ ዕድሜ የሚገምተውን ሶፍትዌር ደግሞ አንዳንዶች የቪዲዮ ጨዋታ ገጸ ባሕርይ ፊት ለካሜራው እያሳዩ አታለሉት። ሕጉ ይሻር የሚል አቤቱታ ግማሽ ሚሊዮን የሚያልፍ ፊርማ አገኘ።

በአሜሪካ ቴክሳስ ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ ፍርድ ቤቱ ጁን 27 ቀን 2025 በ6 ለ3 ድምፅ ሕጉን አጽንቶታል። ከዘርፉ ግዙፍ ድርጅቶች አንዱ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በ2024 ቴክሳስን ጥሎ ወጥቶ ነበር፤ በ2025 ፈረንሳይም ላይ በሩን ዘጋ። ይኸው ድርጅት ሕጉን አክብሮ በቀጠለባት በሉዊዚያና ጎብኚዎቹ ወደ 80 በመቶ ገደማ መቀነሳቸውን ይናገራል። ባለጉዳይ ስለ ራሱ የሚሰጠው ቁጥር ነውና በጥርጣሬ ልንሰማው እንችላለን። የሚያነሳው ጥያቄ ግን ቀላል አይደለም፦ ከዚያ የሸሸው ሰው የት ሄደ? መታወቂያ ወደማይጠይቅ፣ ምንም ሕግ ወደማያከብር፣ በግዳጅ የተቀረጸ ቪዲዮ እንዲያነሳ ቢለመን እንኳ ወደማይሰማ ድረ ገጽ አልሄደም ወይ?

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። የእንግሊዝ ሕግ ጥርስ ያለው ለንደን ትልቅ ገበያ ስለሆነች ነው። የእነዚያ ድረ ገጾች ባለቤቶች ኢትዮጵያ ውስጥ ቢሮ የላቸውም፣ ከእናንተ ፈቃድ አልወሰዱም፣ ከእኛ የሚያገኙት የማስታወቂያ ገቢም ለክርክር የሚበቃ አይደለም። ከፋይዳ ጋር የሚያገናኝ ሥርዓት ዘርጉ ብትሏቸው ደብዳቤያችሁን አይመልሱም። ስለዚህ «ዕድሜ ይረጋገጥ» የሚለው ትእዛዝ በእኛ አገር በአንድ ሳምንት ውስጥ «ይዘጋ» ወደሚለው ይለወጣል። መዝጋት ማለት ደግሞ ቪፒኤን ማለት ነው። በዚህ ረገድ የእኛን ልጆች ማስተማር አያስፈልግም፤ መንግሥት ራሱ አስተምሯቸዋል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው በቆዩባቸው ወራት ቪፒኤን የሚለውን ቃል ሰምተው የማያውቁ አያቶች ሳይቀሩ የልጅ ልጆቻቸውን አስጭነው ነበር። ከዚያ በፊትም በፈተና ሰሞንና በግርግር ጊዜ ኢንተርኔት ሲጠፋ ሲመጣ ኖሯል። እኔ በማስተምርበት 9ኛ ክፍል ቪፒኤን የሌለበት ስልክ ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ሥራ ነው። ነፃ ከሚባሉት ቪፒኤኖች ብዙዎቹ ደግሞ የተጠቃሚውን መረጃ እየሸጡ የሚኖሩ ናቸው። ልጁን ከአንዱ ጉድጓድ ለማውጣት ወደ ሌላው መግፋት እንዳይሆን እሰጋለሁ።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ፋይዳ ነው። ፋይዳን አልቃወምም፤ እኔም ተመዝግቤበታለሁ፣ የባንክ ሥራዬን አቅሎልኛል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተመሠረተው ይህ ሥርዓት የጣት አሻራዬን፣ የዓይን አሻራዬንና የፊቴን ምስል ይዟል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ አሻራ አይቀየርም። እንዲህ ያለውን መዝገብ ሰዎች በሌሊት፣ ብቻቸውን፣ አፍረው ከሚጎበኙት ነገር ጋር ማያያዝ ለሌባውም ለአስፈራሪውም ማዕድ ማቅረብ ነው። «ከ18 ዓመት በላይ ነው ወይስ አይደለም ብቻ ነው የሚጠየቀው» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። ሥርዓቱ እንዳይመዘግብ ታስቦ ካልተሠራ በቀር ማን ጠየቀ፣ ስለ ማን ጠየቀ፣ በስንት ሰዓት ጠየቀ የሚለው አንድ ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። ያ ዝርዝር ነገ በማን እጅ እንደሚገባ የሚያውቅ የለም። በተለይ በእኛ አገር፣ የአንድን ባለሥልጣን ወይም ጋዜጠኛ ስም ለማጉደፍ አንድ ወሬ በቂ በሆነበት ቦታ።

ሥጋቴ የምናብ አይደለም። ዲስኮርድ የተባለው የመወያያ መድረክ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ወደ 70,000 የሚጠጉ ተጠቃሚዎቹ የመታወቂያ ፎቶ ሳይጋለጥ እንዳልቀረ አስታውቋል። ሰዎቹ ፎቶውን የላኩት ስለ ዕድሜያቸው የተሰጠውን ውሳኔ ለመከራከር ነበር፤ የተሰረቀውም ከራሱ ከዲስኮርድ ሳይሆን የደንበኛ አገልግሎቱን ከሚሠራለት ሌላ ድርጅት ነው። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 በትልልቅ ድረ ገጾች ላይ አስተያየት የሚጽፍ ሁሉ በእውነተኛ ማንነቱ እንዲረጋገጥ አዝዛ ነበር። በ2011 ሁለት እህትማማች ድረ ገጾች ተሰብረው የ35 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች መረጃ ተዘረፈ። በቀጣዩ ዓመት የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው። ከእኛ በቴክኖሎጂ እጅግ የራቀች አገር መጠበቅ ያልቻለችውን እኛ እንጠብቃለን ብሎ ለመማል ድፍረት ይጠይቃል።

ማንነትን ሳይገልጡ ዕድሜን ብቻ ማረጋገጥ የሚያስችል ዘዴ እየተሠራ መሆኑን አልዘነጋሁም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2025 እንዲህ ያለ መተግበሪያ በአምስት አገሮች መሞከር ጀምሯል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። የሚሠራው ግን እያንዳንዱ ሰው የራሱ ዘመናዊ ስልክ ሲኖረው ነው። እኛ ቤት አንድ ስልክ ለአባት፣ ለእናትና ለሦስት ልጆች ይዳረሳል፤ ሲም ካርዱ በአባት ስም ነው፤ ስልኩ አንዴ «አዋቂ ነኝ» ካለ ለቤተሰቡ ሁሉ ብሎ አረፈው።

እንግዲህ ምን ይደረግ ትሉኝ ይሆናል። የሚቀርበው መፍትሔ እዚያው የጋራ ስልክና ሲም ካርድ ላይ ያለ ይመስለኛል። በአገራችን ሲም ካርድ የሚወጣው በመታወቂያ ነው፤ የልጆች መስመር አብዛኛው በወላጅ ስም የተመዘገበ ነው። ወላጁ በስሙ ካሉት መስመሮች አንዱን «ይህ የልጅ ነው» ብሎ በአጭር ቁጥር ወይም በቴሌብር የሚያስመዘግብበት አሠራር እንዲኖር ሁለቱን የቴሌኮም ኩባንያዎች ማስገደድ ሥልጣናችሁ ነው። የተመዘገበው መስመር የድረ ገጽን ስም ወደ አድራሻ የሚቀይረውን የዲኤንኤስ አገልግሎት ከተጣራው በኩል ያገኛል፤ የታወቁት የወሲብ ድረ ገጾች አይከፈቱለትም፣ የጉግል ፍለጋውም በልጅ ልክ ይሆናል። በእንግሊዝ የሞባይል ኩባንያዎች ከዚህ ጋር የሚመሳሰል እገዳ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አላቸው። ልዩነቱ እነሱ እገዳውን ለሁሉም መስመር አድርገው አዋቂው እንዲያስነሳ መጠየቃቸው ነው። ያንን አትቅዱ። አንድ አባወራ ወደ አገልግሎት ማዕከል ሄዶ ወረፋ ይዞ «ክፈቱልኝ» እንዲል ማድረግ ያው የስም ዝርዝር ማዘጋጀት ነው። እዚህ የሚመዘገበው የልጁ መስመር ብቻ ይሁን፤ ጠያቂውም ወላጁ።

ይህ ቪፒኤን የጫነውን የ15 ዓመት ጎረምሳ አያቆመውም። ማንም አያቆመውም። ፈልጎ የሚሄድና ሳያስበው የሚገጥመው ልጅ የተለያዩ ናቸው፤ ማጣሪያ ሁለተኛውን ይረዳል። ለመጀመሪያው የሚሆነው ከሰው ጋር መነጋገር ነው፤ እሱም ከመሥሪያ ቤታችሁ ይልቅ የእኔና የወላጆቹ ሥራ ነው።

ከኮሪያ የምንማረው ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከ19 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ስልክ ላይ የመቆጣጠሪያ መተግበሪያ እንዲጫን ደንግገው ነበር። ከመተግበሪያዎቹ ዋነኛው በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲፈተሽ ከ20 በላይ የደህንነት ቀዳዳ ተገኘበት፤ የሚጠብቃቸውን ልጆች መረጃ ለማንም የሚያጋልጥ ነበርና በዚያው ዓመት ከገበያ ወጣ። ስለዚህ በስልኩ ውስጥ ተቀምጦ መልእክት የሚያነብ ነገር አይጫን። ማጣራቱ በኔትወርኩ በኩል ይሁን፤ ልጁ የት እንደገባ የሚያሳይ መዝገብም አይቀመጥ።

በትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ይህንኑ አድርገናል። ለቤተሰብ ተብሎ በነፃ የሚሰጠውን 1.1.1.3 የሚባለውን የዲኤንኤስ አድራሻ የኢንተርኔት ማሠራጫው (ራውተሩ) ላይ አስገባን፤ የፈጀው የሻይ ሰዓት ያህል ነው። ከዚያ በፊት አንድ አቅራቢ ያስገጠመልን ማጣሪያ ነበር፤ ቃል እያየ የሚዘጋ። የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ መራቢያ አካላት የባዮሎጂ የቤት ሥራ ሊሠሩ ሲገቡ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ቀይ የማስጠንቀቂያ ገጽ አወጡባቸው። ስለ ኤችአይቪ ምርመራ የሚያስረዳ ገጽም አይከፈትም ነበር። የሚገርመው፣ እንዲዘጋቸው የተፈለጉትን ቪዲዮዎች ግን በእንግሊዝኛ ሳይሆን በአማርኛ ስማቸው ለሚፈልግ ሰው ሳይቆጣጠር ያሳልፍ ነበር። የእንግሊዝ ኢንተርኔት አቅራቢዎች እ.ኤ.አ. በ2013 የቤተሰብ ማጣሪያ ሲያስገቡም ኤድንብራ የሚገኝ የተደፈሩ ሴቶች መርጃ ማዕከል ድረ ገጽ ተዘግቶ ተገኝቶ ነበር። የሚዘጋው ነገር መመዘኛው ይታተም፤ በስህተት የተዘጋበት ሰው አቤት የሚልበት ቦታ ይኑር የምለው ለዚህ ነው። መመዘኛው ያልታወቀ ዝርዝር ዛሬ በወሲብ ድረ ገጽ ይጀምርና ነገ የማን ጋዜጣ እንደሚጨመርበት ያለፉት ዓመታት አሳይተውናል።

አሁን ይህን ደብዳቤ በዋናነት ወዳስጻፈኝ ጉዳይ ልግባ። ወላጆቹ በስብሰባው ስለ ውጭ አገር ፊልሞች ሁለት ሰዓት ሲከራከሩ አንድም ጊዜ ያልተነሳ ነገር ነበር። ሁሉም ያውቁታል፤ ማንም ደፍሮ አላነሳውም። ባለፈው ዓመት ከተማሪዎቻችን አንዷ ከ10ኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ ቀርታለች። ታምነው ለነበረ ሰው የላከችው ፎቶ በቴሌግራም ቻናል ላይ ከስሟና ከትምህርት ቤቷ ጋር ተለጥፎ ነበር። አባቷ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። የተረኛው መጀመሪያ ጥያቄ ልጅቷ ለምን እንደተነሳችው ነበር። ከዚያ ለማስረጃ ተብሎ የልጅቷ ስልክ ተያዘ፤ ቻናሉ ግን ክፍት ሆኖ ሰነበተ። እኔና አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በየምሽቱ ለቴሌግራም «ሪፖርት» የሚለውን እየተጫንን ስንጠብቅ በመጨረሻ ተዘጋ፤ በማግስቱ በሌላ ስም ተከፈተ። አባትየው እንባቸውን እየዋጡ የጠየቁኝ ጥያቄ «መምህር፣ ይህን የሚያይ መሥሪያ ቤት የለም?» የሚል ነበር።

ሕጉማ አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን የወሲብ ምስል ማዘጋጀትን፣ ማሰራጨትን፣ ይዞ መገኘትንም ጭምር ወንጀል አድርጎታል። አንቀጽ 16 ደግሞ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ ወይም ሥልጣን ባለው አካል ተነግሮት ምስሉን የማያነሳ አገልግሎት ሰጪ ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። የጎደለው ከጣቢያው ተረኛ እስከ ቴሌግራም ኩባንያ የሚደርሰው መንገድ ነው። ማን ይጽፋል? በየትኛው አድራሻ? በስንት ሰዓት ውስጥ? ቴሌግራም ደብዳቤ አይሰማም የሚባለው የድሮ ወሬ ነው። ባለቤቱ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 ፓሪስ ላይ ከተያዘ በኋላ ኩባንያው በሕጋዊ ጥያቄ የወንጀል ተጠርጣሪዎችን ስልክ ቁጥርና የኢንተርኔት አድራሻ እንደሚሰጥ አስታውቋል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይም የሕፃናት ጥቃት ምስሎችን መለያ ሰብስቦ ለኩባንያዎች የሚያካፍለው የእንግሊዝ ድርጅት አባል ሆኗል። የሚጠይቅ ካለ የሚመልስ አለ ማለት ነው።

ቴክ ኢት ዳውን የሚባል አገልግሎትም አለ። የአሜሪካ የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል ያቋቋመው ነው፤ ከየትም አገር ያለ ክፍያ ይሠራል። ፎቶው ሲነሳ ዕድሜው ከ18 በታች የነበረ ሰው ስሙን ሳይናገር ይጠቀምበታል። ፎቶው ከስልኩ አይወጣም፤ ከፎቶው የሚሰላ መለያ ቁጥር ብቻ ይላካል፤ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክን የመሰሉ ኩባንያዎች ያንን ቁጥር ይዘው የሚዛመደውን ምስል ያግዳሉ። ለአዋቂዎችም ስቶፕ ኤንሲአይአይ የሚባል ተመሳሳይ አገልግሎት አለ። እነዚህን ሁለት ስሞች የሚያውቅ የትምህርት ቤት አማካሪ እስካሁን አላገኘሁም። ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሶማሊኛ አንድ ገጽ መመሪያ አሳትሞ በየትምህርት ቤቱ ቢለጥፍ ወጪው የወረቀት ነው።

የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሌላም ኃላፊነት አለበት። በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት የዜጎችን የግል መረጃ የሚጠብቀው ይኸው መሥሪያ ቤት ነው። ፈቃድ የሚሰጠውም፣ መስመር ይዘጋ ቢባል የሚታዘዘውም፣ መረጃ ሲባክን «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀውም አንድ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሰው የግል ሕይወት እንዲከበር ሲል ደስ የማይለንን የሚያየውን ሰው አልለየም። ስለዚህ የወላጆቹ አቤቱታ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲደርስ አንዱ እጃችሁ የሚፈልገውን ሌላው እጃችሁ እንዲመረምረው እለምናለሁ።

በጽሑፍ መልስ የምፈልግባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው። ፋይዳ ድረ ገጽ ለመጎብኘት ቅድመ ሁኔታ እንደማይሆን ባለሥልጣኑ በግልጽ ሊያሳውቅ ይችላል ወይ? ወላጅ በስሙ ያለን መስመር የልጅ ብሎ የሚያስመዘግብበት አሠራር ከቴሌኮም ኩባንያዎች ጋር ውይይት ተጀምሮበታል ወይ? ካልተጀመረ ምን ያዘው? የልጅ ምስል በቴሌግራም ሲሰራጭ አንድ አባት ከፖሊስ ጣቢያ በር ጀምሮ የሚሄድበትን መንገድ የሚያሳይ፣ ስልክ ቁጥርና የጊዜ ገደብ ያለበት አንድ ገጽ ቅጽ በሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ስምምነት ሊወጣ ይችላል ወይ? የተማሪዎች ምዝገባ የሚጀመረው በነሐሴ መጨረሻ ነው። የልጅ መስመሩ እስከዚያ ባይደርስ እረዳለሁ፤ ቅጹ ግን ሊደርስ ይገባል፤ በትምህርት ቤታችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቦታ ይዤለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአይሲቲ መምህር
አዲስ አበባ